ወደ ግራ የተጠማዘዘው

ስልኩ የጮኸው የጥርስ ሐኪሙ ረዳት በሩን ከፍታ «ባለተራ!» ስትል ነበር። ባለተራዋ ወስፌ ናት። ያበጠ ጉንጯን በመዳፏ ደግፋ፣ ከፊቷ የነበሩትን ሕመምተኞች አንድ በአንድ በዓይኗ ስትሸኝ አርፍዳ፣ ገና ከወንበሯ ብድግ ማለቷ ነው። ብታየው የሚደውለው አለቃዋ ነው።

«የት ነሽ?»

«ጥርሴን ልነቀል...»

«ጥርስሽ የትም አይሄድም። ምርምር ማዕከሉ ውስጥ አንድ ፕሮፌሰር ሞተዋል። አደጋ ነው። ሂጂና አይተሽ፣ ‹አደጋ ነው› ብለሽ ጽፈሽ ነይ።»

«አደጋ መሆኑ ከታወቀ እኔን ምን አስጠራኝ?»

«ይኸው፣ ነገር መሰንጠቅ ጀመርሽ!» አለና ዘጋው።

ረዳቷ ከኋላ የነበሩትን አዛውንት አስገብታ በሩን መለሰችው። ወስፌ በንዴት ጥርሷን ልትነክስ አለችና ሕመሙ ትዝ ሲላት ተወችው።

«ወስፌ» እናቷ ያወጡላት ስም አይደለም። የወንጀል ምርመራ ባልደረቦቿ «ቆዳውን ካልበሳች አትመለስም» ብለው ለሹፈት የሰየሟት ነው። ዓመታት ሲያልፉ ሹፈቱ ጠፍቶ ስሙ ብቻ ቀረ።

ማዕከሉ ከከተማው ዳር የቆመ፣ እንደ ቀለበት የከበበ ግዙፍ ሕንፃ ነው። ከረባቱ የተጣመመበት ዳይሬክተር በር ላይ ተቀበላትና በረጅሙ ኮሪደር እየመራ ሥራውን ሊያስረዳት ሞከረ።

«ራጅ ያውቃሉ አይደል? እዚህም ራጅ ነው። ልዩነቱ እኛ የምናነሳው ሰው ሳይሆን ባክቴሪያ ነው። ለዚያውም ከአንድ ወገን ሳይሆን ዙሪያውን። ኮምፒዩተሩ ራጆቹን ገጣጥሞ የሕዋሱን ውስጥ ከነጥልቀቱ ያወጣዋል፤ ባለ ሦስት አውታር ምስል እንለዋለን። የሞገዱ ርዝመት ደግሞ...»

«ሟቹስ የት ናቸው?» አለች ወስፌ።

ሟቹ በኮሪደሩ ወለል ላይ በጀርባው ተጋድሟል። ነጭ ጋዋን ለብሷል። አንድ እጁ ወፍራም ጓንት አጥልቋል፤ ሌላው ባዶ ነው። ፊቱ ላይ የጭንቅ ምልክት አይታይም። አንድ ነገር ሊናገር አስቦ «ይቅር» ያለ ሰው ይመስላል።

«አየር አጥሮት ነው» አለ አብሯት የመጣው ሐኪም። «ቁስል የለ፣ ትግል የለ። ኦክስጅን በሌለበት ክፍል ሁለት ሦስት ትንፋሽ ይበቃል። መሞቱን ሳያውቅ ነው የሞተው።»

የሞተበት ክፍል ጓዳ ያህላል፤ መስኮት የለውም። ባክቴሪያዎቹ ራጅ ከመነሳታቸው በፊት በፈሳሽ ናይትሮጅን የሚቀዘቅዙት እዚያ ነው። ከበሩ ትይዩ ካለው ግድግዳ ሥር ትልቁ የናይትሮጅን ሲሊንደር ቆሟል። ከቫልቩ በላይ መዳፍ የምታክል መሣሪያ ተሰቅላለች፤ ኦክስጅን ሲያንስ የምትጮኸው ደወል ናት። የአየር ማውጫው ማራገቢያ ማብሪያ ደግሞ ከውጭ፣ ከበሩ ጎን ነው።

«ናይትሮጅን ሽታ የለው፣ ቀለም የለው» አለ ዳይሬክተሩ። «ሲበዛ ኦክስጅኑን ገፍቶ ያስወጣዋል። ፕሮፌሰሩ ቫልቩን መዝጋት ረሱ። ጆሯቸውም ደከም ይል ስለነበር ደወሉ ሲጮህ አልሰሙም። ኮሪደሩ ሁሉ የሰማውን! አደጋ ነው።»

«አለቃዬም እንደዚሁ ነው ያሉኝ» አለች ወስፌ፣ ባትሪዋን ከቦርሳዋ እያወጣች።

ደወሏ ላይ አበራችባት። አቧራ ለብሳለች። አየር በሚገባባቸው ትንንሽ ቀዳዳዎች ላይ ግን የአውራ ጣት ስፋት ያላት ንጹሕ መስመር ተጋድማለች፤ አቧራ ያልነካት። ወስፌ የጣቷን ጫፍ አስጠጋች። ያዝ አደረጋት።

«ከአደጋው ወዲህ እዚህ የገባ አለ?»

«ማንም። ሟቹ ከወጡ ጀምሮ ጥበቃ ቆሞበታል።»

ጣቷን አሸተተችው። ሙጫ ነው። አንድ ሰው ቀዳዳዎቹን በፕላስተር ደፍኗቸው ነበር፤ ደወሏም ውስጧ የቀረውን ደህና አየር ይዛ ዝም ብላለች። ሥራው ሲያልቅ ደግሞ ፕላስተሩን አንስቶ ወስዶታል።

«እንግዲህ ዳይሬክተር» አለች፣ «አደጋ ፕላስተር አይለጥፍም።»

ጠዋቱን በዚያ ክፍል አካባቢ የነበሩት ሦስት ሰዎች ብቻ ናቸው። የዶክትሬት ተማሪዋ፣ ቴክኒሻኑ፣ እና ሰው ሁሉ «ታጋሹ» የሚለው የፕሮፌሰሩ ምክትል። ምክትሉ የሟቹ ሚስት ታናሽ ወንድምም ነው።

ተማሪዋን ደረጃው ላይ ጉልበቷን አቅፋ አገኘቻት።

«እስቲ ያየሽውን በቅደም ተከተል ንገሪኝ።»

«ባክቴሪያ የምናራባበት ክፍል ብቻዬን ነበርኩ። አንድ ነገር ልጠይቃቸው ሄጄ በሩን ስከፍት ነጭ ጉም እግሬ ላይ ፈሰሰ። ፕሮፌሰር ወድቀዋል። ክፍሉ ጭር ብሏል። የገዛ ጩኸቴ አስደነገጠኝ። ታጋሹ ከማሽኑ ክፍል ሮጦ መጣ፤ አፉን በክንዱ ሸፍኖ እስከ ግድግዳው ዘልቆ ቫልቩን ዘጋ። ከዚያማ ደወሉ ይጮሃል፣ እኔ እጮሃለሁ። ቴክኒሻኑ ከምድር ቤት መጥቶ እግራቸውን ይዞ ጎተታቸው። እኔ ከበሩ አላለፍኩም። እግሬ እምቢ አለኝ።»

«ከፕሮፌሰሩ ጋር ተጣልተሽ ታውቂያለሽ?»

«ያልተጣላቸው አለ?» አለች እንባዋን በእጅጌዋ እየጠረገች። «ስማቸው ‹አባ እንደገና› ነው እኮ። ሠርተው ሲወስዱላቸው መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው ያዩና ‹እንደገና› ይላሉ። አብረውኝ የጀመሩት ተመርቀው፣ ወልደው፣ ልጆቻቸው ትምህርት ቤት ገቡ። እኔ እንደገና ላይ ነኝ። ስጮህባቸው ሕንፃው ሁሉ ይሰማል። ግን ሲያመኝ ሐኪም ቤት ይዘውኝ የሚሄዱት እሳቸው ነበሩ።»

ወስፌ አዘነችላት፤ ግን ማዘን ጥርጣሬ አያስቀርም። ሥራው ምን እንደሆነ እንድታሳያት ጠየቀቻት። ልጅቷ ኮምፒዩተሯ ፊት ስትቀመጥ ድምፅዋ ረጋ አለ።

«ከፀጉር ብዙም የማትወፍር የብርጭቆ ቱቦ አለች። ባክቴሪያዎቹን እሷ ውስጥ አስገብተን በቅጽበት እናቀዘቅዛቸዋለን። ማሽኑ ቱቦዋን ትንሽ ያዞርና አንድ ራጅ ያነሳል፤ ትንሽ ያዞርና ሌላ። ሳንቆርጥ፣ ቀለም ሳንነክር ውስጣቸውን እናያለን። ዳቦ ሳይቆርሱ ውስጡ ያለውን ቀዳዳ ሁሉ እንደ ማየት ይቁጠሩት።»

በስክሪኑ ላይ ብርጭቆ የመሰሉ ጠመዝማዛ ፍጥረቶች ቀስ እያሉ ይዞራሉ። በውስጣቸው ጥቋቁር ነጥቦች፣ በመሃላቸው ገረጣ ያለ ጉም።

«ጉሙ ዘረመላቸው ነው። ነጥቦቹ ስንቃቸው ናቸው። እኛ የምንፈልገው መድኃኒት ሲገባባቸው ውስጣቸው ምን እንደሚሆን ነው።»

«ሁሉም አንድ ዓይነት ናቸው» አለች ወስፌ።

«ከውጭ አዎ። ጠመዝማዛቸውም እንደ ብሎን ጥርስ ሁልጊዜ ወደ ቀኝ ነው። ውስጣቸው ግን እንደ ሰው ፊት ነው፤ አንዱ ካንዱ አይገጥምም። እኔማ ለአንዳንዶቹ ስም አውጥቼላቸዋለሁ። ይህቺ ‹ጉልቻ› ናት። ሦስቱ ነጥቦቿ አይታዩዎትም?»

ወስፌ ጉልቻዋን አየቻት። ምን እንደሚጠቅማት ግን አልታያትም። ከአንድ ሰው ሞት ተነስታ የባክቴሪያ ስንቅ ላይ መድረሷ አበሳጫት።

ቴክኒሻኑ ፀጉሩ የሸበተ፣ ቃል እንደ ወርቅ የሚሰስት ሰው ነው። ጠዋት ክፍሉን አይቶ ሁሉም ደህና እንደነበር፣ ከዚያ ምድር ቤት ፓምፕ ሲያድስ ብቻውን እንደቆየ ነገራት።

«ትናንት ግን ከፕሮፌሰሩ ቢሮ ጩኸት ሰምቻለሁ» አለ። «የማን ድምፅ እንደሆነ አላወቅኩትም።»

«የተማሪዋ አይደለም?»

«የሷንማ በእንቅልፌም አውቀዋለሁ።»

«ማራገቢያውስ ይሠራ ነበር?»

ሰውየው ጫማውን አየ። «ይሠራል» አለ።

«‹ይሠራል› እና ‹ይሠራ ነበር› አንድ አይደሉም።»

«ይሠራል» አለ ደግሞ። ከዚያ በላይ ቃል ከአፉ በጉጠትም አይወጣም።

ታጋሹ የማሽኑ መቆጣጠሪያ ክፍል ውስጥ ቆሞ ጠበቃት። ገና ሳትቀመጥ ጉንጯን አየና አዘነላት።

«በሞቀ ውኃ ጨው በጥብጠው ይጉመጥመጡበት። እስኪነቀል ያስታግስልዎታል።»

«እግዜር ይስጥልኝ። ጠዋት የት ነበሩ?»

«እዚሁ። ራጅ ሳነሳ ነበር።» ፋይሉን ከፍቶ አሳያት። በዚያው ጠዋት የተቀመጠ ነው። ስስ ስስ ግራጫ ንብርብሮች አንዱ ካንዱ ኋላ አለፉ።

«ማሽኑ ብቻውን አይሠራም?»

«ምነው ቢሠራ! ቱቦዋ ስትዞር ከመሃል ትሸሻለች። በየአፍታው በእጅ ካልመለሷት ምስሉ ጭጋግ ይሆናል። ይሄው፣ ጥርት ያለ ነው።»

«ተማሪዋ ያሳየችኝ ይዞር ነበር።»

«ያ የተገጣጠመው ነው። ይሄ ገና አልተገጣጠመም። ጊዜ ይፈልጋል» አለና፣ ዓይኑ ውኃ ሞላ። «እሳቸው ወድቀው እኔ እዚህ ቱቦ ሳቃና ነበር። አንድ ግድግዳ ነው የለየን።»

ወስፌ ቴክኒሻኑን ብትጠይቀው ያንኑ አረጋገጠላት። ጥርት ያለ ምስል ካለ፣ ማሽኑ ፊት ሰው ተቀምጦ ነበር። ስለዚህ ቦታውን የሚያስመሰክር አንድ ሰው ብቻ ተገኘ፤ የቀሩት ሁለቱ ብቻቸውን ነበሩ። ተማሪዋ ምክንያት አላት። ቴክኒሻኑ ይዋሻል። ሁለቱም ግን ነገሩ ላይ አልገጥም አሏት፤ የሌላ ሰው ጫማ ይመስል አንዱ ይሰፋል፣ ሌላው ይጠባል።

በማግስቱ ወደ ሟቹ ቤት ሄደች። ግቢው በለቀስተኛ ሞልቷል። ታጋሹ በር ላይ ቆሞ የመጣውን ሁሉ አቅፎ እየተቀበለ ወንበር ያሲዛል። የሟቹ ሚስት ወስፌን ወደ ውስጠኛው ክፍል ወሰዷት።

«እሱ ባይኖርልኝ ወድቄ ነበር» አሉ፣ በመስኮቱ ወንድማቸውን እያዩ። «እናታችን ስትሞት ዳዴ ይል ነበር። አዝዬ ነው ያሳደግኩት። ባሌም እንደ ልጁ አስተምሮ ከጎኑ አስቀመጠው።»

«ተቀያይመው ያውቃሉ?»

«ማን? የእናቴ ልጅ ዝንብ እሽ የማይል ነው።» ትንሽ አሰቡ። «ባለፈው ሳምንት ግን መጣና ኮቱን ሳያወልቅ ተቀመጠ። ‹እትዬ፣ ሌሎች ሰዎች ሥራዬን አሳትመው አወጡት› አለኝ። የሰው ሥራ ይሰረቃል እንዴ ስለው፣ ‹አልሰረቁም፣ ቀደሙኝ እንጂ። እኔ ከጨረስኩት ቆይቷል፤ ባልሽ እንደገና፣ እንደገና እያለ መሳቢያ ውስጥ አስቀረው› አለና ሳቀ። ማታ ባሌን ጠየቅኩት። ‹ጥሩ ነዋ! ትክክል መሆናችንን ሌላ ሰው አረጋገጠልን› ብሎኝ ሾርባውን ጠጣ።»

ወስፌ ለመሄድ ተነሳች። ሴትዮዋ እጇን ያዟት።

«እህቴ፣ አደጋ ነው ብለው ሊዘጉት እንደሆነ ሰምቻለሁ። አደራሽን፤ ማንም ይሁን ማን፣ ሳታወጪው እንዳትተዪው።»

ወስፌ ከዚያ ቤት የወጣችው ከገባችበት ጊዜ ይበልጥ ተናድዳ ነው። ምክንያቱን አገኘችው፤ ግን ምክንያት ያለው ሰው ማሽኑ ፊት ተቀምጦ ነበር። አለቃዋ ደወለ። ነገ መዝገቡ ይዘጋል፣ ፕላስተር ምናምን የሚባል ነገር አልሰማም አለ። መኪናዋን አቁማ መሪውን በቡጢ መታችው። ጥርሷ መለሰላት፤ እስከ ጆሮዋ ነዘራት። እጅ ሰጥታ ወደ ጥርስ ሐኪሙ ነዳች።

ሐኪሙ ራጅ አነሳት፣ ፊልሙን የሚያበራው ሰሌዳ ላይ ሰቀለው፣ መርፌውን አዘጋጅቶ ጤነኛውን የቀኝ መንጋጋዋን በብረት ኳ ኳ አደረገው።

«ይህቺ ናት!»

«ኧረ በግራ ነው!» አለች ወስፌ፣ አፏ እንደተከፈተ።

«ፊልሙ ላይ ግን በቀኝ ነው።»

«እኔ ነኝ የሚያመኝ፣ ፊልሙ?»

ረዳቷ ከኋላ አጮለቀች። «ዶክተር፣ ገልብጠው ነው የሰቀሉት።»

ሐኪሙ ሳቅ ብሎ ፊልሙን አዞረው። «ይቅርታ። ሲገለበጥ ግራው ቀኝ ይሆናል። ሌላው ነገር ሁሉ ስለማይለወጥ ሰው ልብ አይለውም...»

ወስፌ ከወንበሩ ተነስታለች። አንገቷ ላይ የታሰረውን ጨርቅ ፈታ እጁ ላይ አስቀመጠችለት።

«እንዴ! ጥርሱስ?»

«ይቆየኝ!» አለች ከበሩ።

ማዕከሉ ስትደርስ ተማሪዋን ነጥላ አስቀመጠቻት። ታጋሹ ያን ጠዋት አነሳሁት ያለውን ፋይል እንድትገጣጥመው ጠየቀቻት። ኮምፒዩተሩ እየጎተተ፣ መሃል ላይ እየቆመ፣ እንደገና ከመጀመሪያው እየተነሳ ልባቸውን አወለቀው። በመጨረሻ ጠመዝማዛዎቹ ስክሪኑ ላይ መዞር ሲጀምሩ ተማሪዋ አፏን በእጇ ያዘች።

በማግስቱ ጠዋት ወስፌ ሁሉንም መቆጣጠሪያ ክፍሉ ውስጥ ሰበሰበቻቸው። ዳይሬክተሩ ሰዓቱን ያያል። ቴክኒሻኑ ጥግ ይዞ ቆሟል። ተማሪዋ ኮምፒዩተሩ ፊት ናት። የሟቹ ሚስት ጥቁር ለብሰው ወንድማቸው ባቀረበላቸው ወንበር ተቀምጠዋል፤ እሱ ትከሻቸውን ይዞ ከኋላ ቆሟል። ሁለት ፖሊሶች በሩ ላይ ናቸው።

«አደጋ አለመሆኑን ደወሏ ነገረችን» ብላ ጀመረች ወስፌ። «ቀዳዳዋ በፕላስተር ተደፍኖ ነበር። ፕላስተሩ ብቻውን ግን አይገድልም፤ ማራገቢያው ከሠራ ናይትሮጅኑ ይወጣል።» ወደ ቴክኒሻኑ ዞረች። «አሁንስ ይነግሩኛል?»

ሽማግሌው አንገቱን ደፋ። «ስደርስ ጠፍቶ ነበር። እኔ ነኝ ያበራሁት። ጠዋት በእጄ አብርቼው ነው የወረድኩት፤ ግን ማን ያምነኛል? ‹አንተ ገደልካቸው› ትሉኛላችሁ ብዬ ነው።»

«እንግዲህ አንድ ሰው ከጠዋቱ በኋላ መጥቶ ማራገቢያውን አጠፋ፣ ደወሏን ደፈነ፣ ቫልቩን ከፍቶ በሩን ዘጋ። ፕሮፌሰሩ ባክቴሪያ ለማቀዝቀዝ ሲገቡ ክፍሉ አየር አልነበረውም። ቀጥሎ ያለው ጥያቄ ፕላስተሩን ማን አነሳው ነው።» ተማሪዋን አየቻት። «በሩን ስትከፍቺ ክፍሉ ምን ነበር?»

«ጭር ያለ።»

«ደወሉስ?»

ልጅቷ ቃሏን ሳትጨርስ ገባት። «አይጮህም ነበር። የጮኸው... ታጋሹ ግድግዳው ጋ ከደረሰ በኋላ ነው።»

«ሰውየው ሲሞቱ ዝም ያለች ደወል፣ እርዳታ ሲደርስ ጮኸች። ለምን? ፕላስተሩ የዚያን ጊዜ ስለተነሳላት። ተማሪዋ ከበሩ አላለፈችም። ቴክኒሻኑ ሁለት እጃቸውን ሰውየው እግር ላይ አድርገው ወጡ። ግድግዳው ጋ የደረሰ አንድ ሰው ብቻ ነው።»

ታጋሹ እጁን ከእህቱ ትከሻ አላነሳም። «ቫልቩን ዘግቻለሁ፤ አልካድኩም። ግን ጠዋቱን ሙሉ እዚህ ነበርኩ። ምስሉ አለ።»

«አለ» አለች ወስፌ። «እኔንም ለሁለት ቀን ራሴን ያዞረኝ እሱ ነው። ልጄ፣ አሳዪን።»

ጠመዝማዛዎቹ ስክሪኑ ላይ ቀስ ብለው መዞር ጀመሩ።

«እነዚህ የትናንት በስቲያዎቹ ናቸው። ወዴት ነው የሚጠማዘዙት?»

«ወደ ግራ» አለች ተማሪዋ። «ሁሉም። እንዲህ ያለ አይቼ አላውቅም።»

ታጋሹ ቀለል አድርጎ ፈገግ አለ። «ኢንስፔክተር፣ እሱማ የታወቀ ስህተት ነው። የማሽኑ መዞሪያ አቅጣጫ ኮምፒዩተሩ ላይ በግልባጭ ከተሞላ ምስሉ እንደ መስታወት ይገለበጣል። ተቻኩዬ ሞልቼው ይሆናል።»

«እንደሱ ቢሆን እኔም ተቀብዬዎት ነበር። መልሰሽ ገልብጪው እስቲ።»

ተማሪዋ አንድ ቁልፍ ነካች። ምስሉ ዞረና ወደ ቀኝ ተጠማዘዘ። በመሃል አንዲት ሕዋስ አለች፤ በውስጧ ሦስት ጥቋቁር ነጥቦች እንደ ምድጃ ድንጋይ ተቀምጠዋል።

«ጉልቻ» አለች ተማሪዋ። «ይህቺን ያነሳናት አምና ነው። ጎረቤቶቿም እነዚያው ናቸው። የአምናውን ምስል ገልብጦ አዲስ አስመስሎ ነው ያስቀመጠው።»

«የመዞሪያው ስህተት ግራውን ቀኝ ያደርጋል» አለች ወስፌ፣ «አምና የሞተች ባክቴሪያን ግን ዘንድሮ ቱቦ ውስጥ አይከትም። የአምናውን ምስል እንዳለ ቢያስቀምጡት ይህቺ ልጅ ታውቃቸዋለች፤ ስለዚህ እንደ መስታወት ገለበጧቸው። በስስ ንብርብር ሲታዩ ደግሞ ጠመዝማዛው አይለይም። ፖሊስ ሰዓቱን ያያል እንጂ ምስሉን አይገጣጥምም ብለው ነው። ያን ጠዋት ራጅ አልተነሳም። ማሽኑ ፊት ጠዋቱን ሙሉ የተቀመጠ ሰው አልነበረም።»

ዳይሬክተሩ ሰዓቱን ማየት ተወ።

«የፊተኛው ቀን ጩኸትስ?» አለች ወደ ቴክኒሻኑ። «አብረዋቸው ከሚሠሩት ሰዎች የአንዱን ድምፅ እንዴት አላወቁትም? ያ ሰው ጮኾ ሰምተውት ስለማያውቁ ነው። እዚህ ቤት ጮኾ የማያውቀው ማን ነው?»

የሟቹ ሚስት ትከሻቸው ላይ ያለውን እጅ ያዙና፣ ቀስ ብለው፣ እንደ ተቀመጠ ዕቃ አንስተው ወደ ጎን አወረዱት።

«‹ሌሎች ቀደሙኝ› ያልከኝ ለዚህ ኖሯል» አሉ ሳይዞሩ።

ታጋሹ ግድግዳውን ተደገፈ።

«‹ጥሩ ነዋ› አለኝ፣ እትዬ። ዕድሜዬን ነው ‹ጥሩ ነዋ› ያለው። ቢቆጣኝ፣ ‹አትረባም› ቢለኝ እችለው ነበር። ጮኽኩበት። እሱ መነጽሩን ጠርጎ ‹ነገ ደግሞ ያችን ሁለተኛዋን ናሙና እንደገና እናንሳት› አለኝ። ሰው ሁሉ ታጋሽ ይለኛል። ማንም አልጠየቀኝም፣ መታገሥ ትፈልጋለህ ወይ ብሎ።»

«ከተቀመጥክበት» አሉ እህቱ፣ «የዚያ ክፍል በር ሲከፈት ይሰማል?»

«እትዬ...»

«ይሰማል ወይ?»

«ይሰማል።»

«ሰማኸው?»

«ሰማሁት። ተነስቼ ነበር። እውነቴን ነው፣ ተነስቼ እስከ በሩ ሄጄ ነበር።»

«ከዚያስ?»

«ተመልሼ ተቀመጥኩ።»

ፖሊሶቹ ሲይዙት አልታገላቸውም። በእህቱ ፊት ሲያልፍ ቆም አለ፤ እሳቸው ዓይናቸውን ከስክሪኑ አላነሱም። ተማሪዋ ኮምፒዩተሩን ልታጠፋ እጇን ዘረጋች፣ ተወችው፣ ደግሞ ዘረጋች። እሱ የነካውን ምስል ሁሉ ከእንግዲህ ማን ያምነዋል? የዓመታት ሥራ ነው። ግንባሯን ጠረጴዛው ላይ አድርጋ አለቀሰች። ዳይሬክተሩ ደግሞ ወስፌን ጥግ ይዞ፣ ሪፖርቱ ላይ የማዕከሉ ስም የግድ መጻፍ አለበት ወይ ብሎ ጠየቃት። መልስ ሳትሰጠው አለፈችው።

የሟቹን ሚስት በመኪናዋ ወሰደቻቸው። ግቢያቸው በር ላይ ሲደርሱ ሴትዮዋ የመኪናውን በር መክፈቻ ይዘው ቆዩ።

«ሰው ሞልቶታል» አሉ። «በር ላይ ሆኖ ሲቀበላቸው የሰነበተው እሱ ነው። ‹ወንድምሽ የት ቀረ?› ይሉኛል አሁን።»

«ከፈለጉ እኔ ልግባና ልንገራቸው።»

«አንቺማ ያልኩሽን አደረግሽ።» ሻሻቸውን አጥብቀው አሰሩ። «እኔ ነኝ ያሳደግኩት። እኔው እነግራቸዋለሁ።»

ወረዱና በሩን ገፉት። ግቢው ውስጥ የነበሩት ሰዎች ሲያዩአቸው ከየወንበራቸው ተነሱ።